ጡረታ የወጡ አውሮፕላኖችና ሰማይ የራቃቸው አብራሪዎች

የሰው ልጅ መሣሪያን ሲሠራ መሣሪያውም በበኩሉ ሰውን ይሠራዋል። ሞፈርና ቀንበር የገበሬውን ትከሻ፣ መወርወሪያ የሸማኔውን ጣት፣ ወናፍና መዶሻ የአንጥረኛውን ክንድ እንደ ቀረጹ ሁሉ፣ የዘመናችን ታላላቅ መኪናዎችም የሚያንቀሳቅሷቸውን ሰዎች አእምሮ፣ ዐይንና እጅ በየራሳቸው መልክ አበጅተዋል። ታዲያ መሣሪያው አርጅቶ ወይም አክሳሪ ሆኖ በተጣለ ጊዜ በእርሱ የተካነው ሰው ወዴት ይሄዳል? ይህ ጥያቄ ለኢኮኖሚ ሊቃውንት ብቻ የሚተው አይደለም። የሙያን ታሪክ ለሚያስተምር መምህር፣ የሰውን ኑሮ ለሚሥል የኪነ ጥበብ ሰው፣ ሠራተኛውን ለሚያደራጅና ለሚመራ ሁሉ የሚቀርብ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን አጉልተው ከሚያሳዩት የሙያ መስኮች አንዱ የመንገደኞች አየር ትራንስፖርት ነው። በዚህ መስክ መሣሪያው እጅግ ውድ፣ ሙያው እጅግ የጠበበ፣ ገበያውም እጅግ ተለዋዋጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ዙሪያ 4.5 ቢልዮን ያህል መንገደኞች በአውሮፕላን ተጓጉዘው ነበር። በ2020 የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ድንበሮችን ባዘጋ ጊዜ ይኸው ቁጥር ወደ 1.8 ቢልዮን አሽቆለቆለ። የመንገደኞች አቪዬሽን ከተጀመረ ወዲህ እንዲህ ያለ ውድቀት ታይቶ አያውቅም። ይህ ጽሑፍ በዚያ ዘመን አውሮፕላኖቹ እንዴት ከሥራ እንደ ተሰናበቱ፣ አብራሪዎቹም እንዴት እንደ ተፈናቀሉ፣ ከቀደሙት የቀውስ ዘመናት ጋር እያነጻጸረ ለመመርመር ይሞክራል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከአምስት ወንበር ወደ ሁለት

የአብራሪዎች መፈናቀል በ2020 የተጀመረ አይደለም። ታሪኩን በቀላሉ ለመረዳት የሚፈልግ ሰው በአውሮፕላኑ አፍንጫ ውስጥ ያለችውን ጠባብ ክፍል ይመልከት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በነበሩት ዓመታት ውቅያኖስን ያቋርጡ በነበሩት ትላልቅ አውሮፕላኖች ውስጥ አምስት ባለሙያዎች ይቀመጡ ነበር። እነርሱም ዋናው አብራሪ፣ ረዳት አብራሪው፣ ሞተሮቹን የሚቆጣጠረው የበረራ መሐንዲስ፣ በከዋክብትና በካርታ አቅጣጫ የሚቀምረው ናቪጌተር፣ እንዲሁም በሞርስ ምልክት መልእክት የሚለዋወጠው የሬዲዮ ባለሙያ ነበሩ።

በመጀመሪያ የተነሣው የሬዲዮ ባለሙያው ነው። በድምፅ የሚነጋገሩበት ሬዲዮ አስተማማኝ በሆነ ጊዜ ራሳቸው አብራሪዎቹ መነጋገር ቻሉ። ቀጥሎ የናቪጌተሩ ተራ ደረሰ። በ1970 የመንገደኛ አገልግሎት የጀመረው ቦይንግ 747 ያለ ምድር ምልክትና ያለ ኮከብ ቦታውን ራሱ የሚያሰላ መሣሪያ ይዞ ስለ ተነሣ፣ በሌሊት ሰማይ ላይ ኮከብ የሚለካው ሰው ሥራው አበቃ። በሦስተኛ ደረጃ የተነካው የበረራ መሐንዲሱ ነው። በአሜሪካ በፕሬዚደንቱ የተሰየመ አጣሪ ቡድን በ1981 አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች በሁለት አብራሪዎች ብቻ ሊበሩ እንደሚችሉ አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ ቦይንግ 757ም ሆነ 767 ያለ መሐንዲስ ወንበር ወጡ። በ1989 ሥራ የጀመረው 747-400 ደግሞ በቀድሞዎቹ 747ቶች ላይ ሦስት ሰዎች ይሠሩት የነበረውን ለሁለት ሰዎችና ለኮምፒዩተር ደለደለው።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። በብዙ የአሜሪካ አየር መንገዶች ውስጥ ሦስተኛው ወንበር የሙያው የመጀመሪያ እርከን ነበር። ወጣቱ አብራሪ በዚያ ተቀምጦ የሁለቱን ታላላቆቹን እጅ እየተመለከተ፣ አነጋገራቸውንና ውሳኔያቸውን እያጠና፣ ከዓመታት በኋላ ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ወደ ግራ ወንበር ይሸጋገር ነበር። ባለ ሦስት ሰው የነበረው ቦይንግ 727 በየኩባንያው ጡረታ ሲወጣ አብሮት የሄደው ብረት ብቻ አልነበረም። በፀጥታ የሚማሩበት አንድ የትምህርት ወንበርም ሄዷል። መሣሪያን መለወጥ የሙያን የመውረሻ መንገድ መለወጥ እንደ ሆነ ይህ ምሳሌ ያስረዳል።

ሰማይ የጠበበባቸው ዘመናት

የቴክኒክ ለውጥ ወንበሮቹን በዝግታ ሲያነሣ፣ የገበያ ቀውስ ግን በአንድ ጊዜ አውሮፕላኑን ከነወንበሩ ያነሣል። ምክንያቱ የዚህ ንግድ ጠባይ ነው። እህል ነጋዴ ዛሬ ያልተሸጠለትን ጤፍ ለነገ ያቆየዋል። አየር መንገድ ግን ዛሬ ባዶውን የበረረውን ወንበር ነገ ሊሸጠው አይችልም። የአውሮፕላኑ ዕዳ፣ የጥገናው ወጪና የሠራተኛው ደመወዝ ግን መንገደኛ መጣም ቀረም ይቆጠራል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ያገራችን አባባል ለማንም ነጋዴ ከሚስማማው ይልቅ ለአየር መንገድ ባለቤት ይስማማል።

የመጀመሪያው ታላቅ ፈተና በ1973 ዓረብ ነዳጅ አምራች አገሮች በጣሉት ማዕቀብ የመጣው ነው። ሦስት ዶላር ገደማ የነበረው አንድ በርሜል ነዳጅ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። ገና ቀለማቸው ያልደበዘዘ 747ቶች መሬት ላይ ቆሙ። ቲ ደብሊው ኤ የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በ1975 ከነዚህ አውሮፕላኖቹ አንዳንዶቹን ለኢራን አየር ኃይል ሸጠ። በየኩባንያው ወጣት አብራሪዎች ከሥራ ተሰናብተው ጥሪ የሚጠብቁ ሆኑ።

ሁለተኛው ማዕበል በኦገስት 1990 ኢራቅ ኩዌትን በወረረች ጊዜ ተነሣ። የነዳጅ ዋጋ ሲያሻቅብና መንገደኛው በፍርሃት ሲሸሽ፣ ቀድሞውኑ የታመሙት ኩባንያዎች መቋቋም አልቻሉም። ኢስተርን ኤርላይንስ በጃንዋሪ 1991 ተዘጋ። በ1927 የተመሠረተውና ውቅያኖሶችን በማገናኘት ስሙ የገነነው ፓን አም ዲሴምበር 4 ቀን 1991 የመጨረሻ አውሮፕላኑን ከባርቤዶስ ወደ ማያሚ መለሰ። በ1970 747ን ለመጀመሪያ ጊዜ ከኒው ዮርክ ወደ ለንደን መንገደኛ ጭኖ ያበረረው ይኸው ኩባንያ ነበር።

ሦስተኛው ማዕበል ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በአሜሪካ ላይ የደረሰው ጥቃት ያስከተለው ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የስዊዘርላንዱ ስዊስኤርና የቤልጅጉ ሳቤና ወደቁ። የአሜሪካ መንግሥት 5 ቢልዮን ዶላር ድጎማና እስከ 10 ቢልዮን ዶላር የብድር ዋስትና አወጀ። ይሁንና ዩናይትድ ኤርላይንስ በዲሴምበር 2002 ኪሳራ አወጀ፤ በ2005ም የሠራተኞቹን የጡረታ ግዴታ በፍርድ ቤት ፈቃድ ለመንግሥታዊ ዋስትና ተቋም አስረከበ። ዕድሜ ልካቸውን ለበረሩ ሰዎች የተገባላቸው ጡረታ ተቆረጠ። እዚህ ላይ «ጡረታ» የሚለው ቃል ሁለት ፊት ያሳያል። አሮጌው አውሮፕላን ጡረታ ወጣ ይባላል፤ አሮጌው አብራሪ ግን ጡረታው ከእጁ ወጣ። ከድምፅ የሚፈጥነው ኮንኮርድ አውሮፕላንም በ2003 ከአገልግሎት የተሰናበተው ከዚህ ማዕበል በኋላ ነው።

አራተኛውን በአንድ አገር ምሳሌ ብንመለከተው ይበልጥ ይገለጣል። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ የጃፓን አየር መንገድ በጃንዋሪ 2010 ኪሳራ አወጀ። ይህ ድርጅት በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ከማንም የበለጡ 747ቶች ባለቤት ነበር። ከኪሳራው ለመውጣት በተነደፈው ዕቅድ መሠረት 747ቶቹን በሙሉ አስወጣ፤ የመጨረሻዎቹም ማርች 1 ቀን 2011 ተሰናበቱ። ከዚያ ሁለት ወራት ቀደም ብሎ፣ ዲሴምበር 31 ቀን 2010፣ 81 አብራሪዎችና 84 የበረራ አስተናጋጆች ተባረሩ። ከመምረጫው መለኪያዎች መካከል ዕድሜና የሕመም ፈቃድ ታሪክ ይገኙባቸዋል። ሥራው ደግሞ ሐኪም በየጊዜው የሚመረምርበት፣ የታመመ ሰው እንዳይበር ደንብ የሚከለክልበት ሥራ ነው። በሕመሙ ጊዜ ደንቡን አክብሮ ከበረራ የቀረ አብራሪ በኋላ በዚያው ምክንያት ተመዘነ ማለት ነው። ተሰናባቾቹ ክስ መሥርተው ለዓመታት ተከራከሩ፤ የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2015 አቤቱታቸውን ውድቅ አደረገው። ድርጅቱ ግን በ2012 ወደ አክሲዮን ገበያ ተመልሶ ነበር።

የ2020 ስንብት

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንመለስ። የዓለም ጤና ድርጅት ማርች 11 ቀን 2020 ኮቪድ-19ን ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ ብሎ ከሰየመ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ16,000 የሚበልጡ የመንገደኛ ጄቶች መሬት ላይ ቆሙ። አውሮፕላን ማረፊያዎች ማቆሚያ ቦታ ስለ ጠበባቸው ማኮብኮቢያዎች ሳይቀሩ የአውሮፕላን ማቆሚያ ሆኑ። ከዚያም በካሊፎርኒያ ሞሃቪና ቪክተርቪል፣ በአሪዞና ማራና፣ በስፔን ቴሩኤል፣ በአውስትራልያ አሊስ ስፕሪንግስ የሚገኙት በረሃማ ሜዳዎች ሞሉ። አውሮፕላን በረሃን የሚመርጠው ያለ ምክንያት አይደለም። ደረቅ አየር ብረትን ከዝገት ይጠብቃል፤ ጠንካራውም መሬት ከባዱን ጎማ ይሸከማል። በዚያም ሞተሮቹ ይሸፈናሉ፣ ቀዳዳው ሁሉ ይደፈናል፣ ጎማዎቹ በአንድ ጎን እንዳይጎብጡ በየጊዜው ይዞራሉ። ዕድል ያለው ተመልሶ ይበራል። ዕድል የሌለው ሞተሩ፣ መሣሪያዎቹና እግሩ እየተነቀሉ ለሌሎች መለዋወጫ ይሆናል፤ ቀሪው አካሉም ይቆራረጣል።

በመጀመሪያ የተመረጡት አራት ሞተር ያላቸው ግዙፎችና በዕድሜ የገፉት ናቸው። ኬ ኤል ኤም የመጨረሻውን የመንገደኛ 747 በማርች መጨረሻ 2020 ከሜክሲኮ ሲቲ አምስተርዳም አስገባ። የአውስትራልያው ካንታስ የመጨረሻ 747 ጁላይ 22 ከሲድኒ ተነሥቶ፣ የበረራው መስመር በሰማይ ላይ የካንጋሩ ሥዕል እንዲሠራ ተደርጎ ወደ ሞሃቪ በረሃ ሄደ። የብሪታንያው ብሪቲሽ ኤርዌይስ በዚያው ወር 31 ቦይንግ 747ቶቹን በሙሉ ማስወጣቱን አስታወቀ፤ ከለንደን ሂትሮው የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ኦክቶበር 8 ቀን ተነሡ። ኤር ፍራንስ ኤርባስ ኤ380ዎቹን በሜይ ወር ከሥራ አሰናበተ፤ ከነርሱ የመጀመሪያውን ከተረከበ ገና 11 ዓመት አልሞላውም ነበር። በአሜሪካ ዴልታ ኤም ዲ-88ና ኤም ዲ-90ን በአንድ ቀን፣ ጁን 2 ቀን 2020፣ ሸኛቸው፤ በኦክቶበር መጨረሻ ደግሞ 777ቶቹን አስወጣ። አሜሪካን ኤርላይንስም 757፣ 767፣ ኤርባስ ኤ330-300ና ኤምብራየር 190 የተባሉትን ዓይነቶች በአንድ ወቅት ከመዝገቡ ፋቃቸው።

ወረርሽኙ እነዚህን አውሮፕላኖች ብቻውን ገደላቸው ማለት ግን ታሪክን ማሳጠር ይሆናል። ሁለት ሞተር ያላቸው አዳዲስ አውሮፕላኖች ተመሳሳይ ርቀት በአነስተኛ ነዳጅ መብረር ከቻሉ ቆይተዋል። ኤርባስ ኤ380ን መሥራት እንደሚያቆም ያስታወቀው ከወረርሽኙ በፊት፣ በፌብሩዋሪ 2019 ነበር። ወረርሽኙ ያደረገው ለአምስትና ለአሥር ዓመት የታሰበውን ስንብት ወደ ጥቂት ወራት ማሳጠር ነው። በዝግታ ቢሆን ኖሮ ለሰዎች ማሸጋገሪያ ይሆን የነበረው ጊዜም በዚያው ተቃጠለ። 747ም ቢሆን 1,574 ያህል ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው በጃንዋሪ 2023 ለአንድ የጭነት አየር መንገድ ተሰጥቶ የምርቱ ዘመን ተዘጋ።

የቁጥሩ ሰንሰለት

አንድ ዓይነት አውሮፕላን ጡረታ ሲወጣ አብራሪው ምን ይሆናል? አንባቢ እንደሚገምተው «ወደ ሌላው ይዛወራል» የሚለው መልስ ቀላል አይደለም። አብራሪ ማንኛውንም አውሮፕላን እንዲያበር አይፈቀድለትም፤ በእያንዳንዱ ዓይነት ላይ ሠልጥኖና ተፈትኖ የዚያን ዓይነት ፈቃድ መያዝ አለበት። ፈቃዱንም ሕያው ለማድረግ በ90 ቀናት ውስጥ ሦስት ጊዜ መነሣትና ማረፍ ይኖርበታል። ስለዚህ በ2020 አውሮፕላኖቹ ሲቆሙ ብዙዎች በበረራ ማስመሰያው በሲሙሌተር ለመለማመድ ተራ ይጠብቁ ነበር።

ከዚህ የበለጠ ጠንካራው ሕግ ግን የቀደምትነት ቁጥር ነው። በአሜሪካና በብዙ አገሮች አየር መንገዶች ውስጥ አብራሪው የሚበርበት አውሮፕላን፣ መንገዱ፣ የዕረፍት ቀኑና ደመወዙ የሚወሰኑት በተቀጠረበት ቀን በሚያገኘው ቁጥር ነው። ይህ ሥርዓት የተወለደው በትግል ነው። የአሜሪካ አየር መንገድ አብራሪዎች ማኅበር በ1931 ሲቋቋም ከነበሩት ፍላጎቶች አንዱ አብራሪው በአለቃ ፊት ማጎንበስ ሳያስፈልገው፣ በአደገኛ የአየር ጠባይ አልበርም ለማለት ሳይፈራ እንዲኖር ነው። ቁጥሩ የክብር ዋስትና ነው።

በቀውስ ዘመን ግን ይኸው ዋስትና ሰንሰለት ይሆናል። እንደ ምሳሌ እንመልከተው። የአንድ ኩባንያ ትልቁ አውሮፕላን ሲወጣ የእርሱ ካፒቴን በቁጥሩ ተጠቅሞ ወደ መካከለኛው አውሮፕላን ካፒቴንነት ይወርዳል። በዚያ የነበረው ካፒቴን ወደ ትንሹ፣ የትንሹ ካፒቴን ወደ ረዳትነት፣ ከረዳቶቹም አነስተኛ ቁጥር ያለው ወደ ውጭ ይገፋል። አንድ አውሮፕላን ሲወጣ አምስትና ስድስት ሰዎች ቦታ ይለውጣሉ፤ ሁሉም በአዲስ ዓይነት እንደገና ይሠለጥናሉ፤ በመጨረሻው ጫፍ ላይ ያለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ለትምህርቱ የተበደረውን ከፍሎ ያልጨረሰው ወጣት፣ ሥራውን ያጣል። የተፈናቀለው ሰው ወደ ሌላ ኩባንያ ቢሄድ የሃያ ዓመት ልምዱ አይቆጠርለትም፤ በአዲሱ መዝገብ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይጀምራል። በዚህም ምክንያት ብዙዎች ሌላ ቦታ ከመቀጠር ይልቅ «ትመለሳላችሁ» የሚለውን ጥሪ ይጠብቃሉ። በየአገሩ በወጡት ዘገባዎች እንደታየው ከነዚህ ጠባቂዎች መካከል የጭነት መኪናና አውቶቡስ የነዱ፣ በመከር ማሽን ላይ የተቀጠሩ፣ ዕቃ እያደሉ የከረሙ ይገኙባቸዋል።

መሰላሉ በላይኛው ጫፍም ተቆርጧል። ኩባንያዎቹ የደመወዝ ወጪን ለመቀነስ ለቀደምቶቹ የፈቃደኝነት ጡረታ አቀረቡ፤ በዴልታ ብቻ ወደ 1,800 የሚጠጉ አብራሪዎች ተቀብለውት ሄዱ። እነዚህ ሰዎች በወጀብና በሞተር ብልሽት የተፈተኑ፣ ለሌላው ለማስተማር በቂ ዕውቀት የነበራቸው ናቸው። ስለዚህ በአንድ ዓመት ውስጥ አስተማሪውም ተማሪውም ከመሰላሉ ወረዱ።

የሕዝብ ገንዘብና የማኅበራት ድርሻ

መንግሥታትና ማኅበራት ዝም ብለው አልተመለከቱም። አሜሪካ በማርች 2020 ባወጣችው ሕግ ለመንገደኛ አየር መንገዶች ብቻ 25 ቢልዮን ዶላር ለደመወዝ መደበች፤ በምላሹም እስከ ሴፕቴምበር 30 ሠራተኛ ላለማሰናበት ግዴታ ገቡ። ግዴታው ባበቃ ማግሥት፣ ኦክቶበር 1፣ አሜሪካንና ዩናይትድ በድምሩ ወደ 32,000 ሠራተኞችን አሰናበቱ፤ ከአሜሪካን ተሰናባቾች ውስጥ 1,600 ያህሉ አብራሪዎች ነበሩ። በዲሴምበር መጨረሻ ሌላ 15 ቢልዮን ሲፈቀድ ተሰናባቾቹ ተጠሩ፤ በማርች 2021 ደግሞ 14 ቢልዮን ተጨመረ። የአንድ ሠራተኛ ቤተሰብ ኑሮ በሸንጎ የድምፅ አሰጣጥ ቀን ላይ ተንጠልጥሎ የከረመበት ጊዜ ነበር።

የአብራሪዎች ማኅበራት ያደረጉትም ከዚህ ያላነሰ ትምህርት አለው። በዩናይትድ የሚገኙት አብራሪዎች የሥራ ሰዓታቸውን ለመከፋፈል ተስማምተው ወደ 2,850 የሚደርሱ ባልደረቦቻቸውን ከመሰናበት አዳኑ። በብሪቲሽ ኤርዌይስ የአብራሪዎቹ ማኅበር ጊዜያዊ የ20 በመቶ የደመወዝ ቅነሳ ተቀብሎ የተሰናባቾቹን ቁጥር ወደ 270 ዝቅ አደረገው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው በዚህ ላይ ይሠራል። ይሁንና ድሩ የተፈተለው ከሠራተኛው ደመወዝ መሆኑ መዘንጋት የለበትም።

በሆንግ ኮንግ የሆነው ከዚህ ይለያል። ካቴይ ፓሲፊክ ኦክቶበር 21 ቀን 2020 ካቴይ ድራጎን የተባለውን ቅርንጫፉን ዘግቶ 5,900 ያህል ሠራተኞችን አሰናበተ፤ ለቀሩት አብራሪዎችም ክፍያው የተቀነሰ አዲስ ውል አቀረበ። ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ መንገደኛው ሲመለስ፣ በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ይኸው ኩባንያ በአብራሪ እጥረት ምክንያት በረራዎችን ለመሰረዝ ተገደደ። በአሜሪካም በ2022 የክፍለ አገር አነስተኛ አየር መንገዶች አብራሪ አጥተው ከተሞችን መተው ጀመሩ። ዴልታ በማርች 2023 ከአብራሪዎቹ ጋር በፈረመው ውል በአራት ዓመት ውስጥ 34 በመቶ የሚደርስ የደመወዝ ጭማሪ ሰጠ። በ2020 በብዛት እንደ ትርፍ ዕቃ የተቆጠረው ሙያ በሦስት ዓመት ውስጥ በወርቅ የሚፈለግ ሆነ።

በዚህ መካከል ሉፍታንዛ ለዘለዓለም የተሰናበቱ መስለው በረሃ ከቆሙት ኤ380ዎቹ አንዳንዶቹን መልሶ በ2023 አበረራቸው። ብረቱ ተሸፍኖ፣ ተደፍኖ፣ ጎማው እየዞረ ተጠብቋል። ሰውን ግን ሸፍኖ የሚያቆይ በረሃ የለም። እጅ ይረሳል፣ ፈቃድ ይሞታል፣ ዕድሜ 65 ይደርሳል፣ ቤተሰብ ይበላል፣ ሰውም ሌላ ኑሮ ይጀምራል።

በአገራችን የታየው

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ከአዲስ አበባ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ባደረገ ጊዜ በሲ-47 አውሮፕላኑ መሪ ላይ የነበሩት ከቲ ደብሊው ኤ ጋር በተደረገው ውል የመጡ የውጭ ባለሙያዎች ነበሩ። በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ በድርጅቱ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የአውሮፕላን አዛዥ ሆኑ። በ1971 ደግሞ ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው ተሾሙ። በነዚያ 25 ዓመታት ውስጥም የሰው መተካካት ነበር፤ የውጭው ባለሙያ ቦታውን ለኢትዮጵያዊው ለቀቀ። ነገር ግን ተሰናባቹ ከመሄዱ በፊት ተኪው ከጎኑ ተቀምጦ ተምሯል። ከላይ ስለ ሦስተኛው ወንበር የተነገረውን ላስተዋለ አንባቢ ልዩነቱ ግልጽ ነው። መፈናቀልና መተካካት በመዝገብ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ሊሆኑ ይችላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ዕውቀቱ ተላልፎ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ነው።

የሁለት ሰው ኮክፒትም ወደ አገራችን የመጣው በዚያው ዓለም አቀፍ መንገድ ነው። በጁን 1984 የመጀመሪያው ቦይንግ 767 ከዋሽንግተን ተነሥቶ ያለ ማረፍ አዲስ አበባ ሲገባ የርቀት ክብረ ወሰን መሆኑ በደስታ ተነግሯል። በዚያው አውሮፕላን ግን ቀድሞ በነበሩት 707ና 727 ላይ የነበረው የበረራ መሐንዲስ ወንበር አልመጣም። የክብሩ ዜናና የአንድ ሙያ ማብቂያ በአንድ በር ገቡ።

በ2020 ቀውስ ጊዜ ደግሞ አየር መንገዱ ሌላ መንገድ መረጠ። ወደ 25 በሚደርሱ የመንገደኛ አውሮፕላኖች ውስጥ ወንበሮቹን እያነሣ ለጭነት አዋላቸው። በዚያው ዓመት ከማርች ወር ጀምሮ ለአፍሪካ አገሮች በዕርዳታ የተሰጡ ጭንብሎችና መመርመሪያዎች በአዲስ አበባ በኩል ተከፋፍለዋል። በዚህ ዘዴ አውሮፕላኑ ከበረሃ ተረፈ፤ አብራሪው ፈቃዱንና እጁን ሳያጣ ከረመ። ለዚህ ያበቃው ቀደም ብሎ የተገነባው የጭነት ክፍልና የራሱ የጥገና ሠራተኛ መኖሩ ነው። በቀውስ ቀን የሚገኝ ብልሃት በደህናው ቀን የተዘራ መሆኑን ይህ ያመለክታል።

የሚታወሰውና የሚረሳው

በዓለም ላይ አውሮፕላን በክብር ይሸኛል። የእሳት አደጋ መኪናዎች በግራና በቀኝ ቆመው ውሃ ይረጩለታል፤ ሕዝብ በአጥር ጥግ ቆሞ ያጨበጭባል፤ ሠራተኞች ስማቸውን በአካሉ ላይ ይጽፋሉ። ኮንኮርዶቹ ዛሬ በለንደን፣ በፓሪስና በኒው ዮርክ አቅራቢያ ወይም በዚያው በቤተ መዘክር ቆመው ይጎበኛሉ፤ የመጀመሪያው 747ም በሲያትል ይታያል። ይህ መልካም ነው፤ የሰው ልጅ የእጁን ሥራ ማክበሩ ራሱን ማክበሩ ነው። ሆኖም ኮከብ እያየ ውቅያኖስ ያሻገረው ናቪጌተር፣ የሞተርን ድምፅ በጆሮው የሚመረምረው መሐንዲስ፣ በመጨረሻው ቁጥር የተሰናበተው ወጣት ረዳት አብራሪ በየትኛው አዳራሽ ይገኛሉ? አካሉ የቆመው መኪና ለልጆች የሚያሳየው ቅርጹን ነው። እንዴት ይነዳ እንደ ነበር፣ በጭንቅ ሰዓት ምን ይወሰን እንደ ነበር ሊናገር የሚችለው ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ለመምህራን፣ ለደራስያንና ለተዋንያን የሚቀርበው ሥራ ሩቅ አይደለም። ከአየር መንገድ ብቻ ሳይሆን ከባቡር፣ ከማተሚያ ቤት፣ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካና ከቴሌግራፍ ቤት ጡረታ የወጡ ባለሙያዎች በየከተማው ይኖራሉ። የሙያቸውን ቋንቋ፣ የመሣሪያውን ጠባይ፣ ከሥራ የተሰናበቱበትን ቀን ጠይቆ መመዝገብ ይቻላል። ሠራተኛውን ለሚመሩትም የ2020 ታሪክ አንድ ጥብቅ ማስታወሻ ትቷል። መሣሪያን ከሥራ ለማስወጣት ዕቅድ ሲነደፍ በዚያው ገጽ ላይ የሰዎቹ መሸጋገሪያ፣ ሥልጠናና ደመወዝ ካልተጻፈ፣ በደህናው ቀን የሚፈለገው እጅ በክፉው ቀን ተበትኖ ይገኛል። ያን ጊዜ የሚከፈለው ዋጋ በክፉው ቀን ተቆጥቦ ከነበረው ደመወዝ የሚበልጥ መሆኑን የሆንግ ኮንግና የአሜሪካ አየር መንገዶች በገዛ ሒሳባቸው አይተውታል።